ስቅለት ዕለት ያማጠች ላም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቴርሞሜትር በሬ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀረብኝ። አሁን ሳወራው እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን እንባዬ መጥቶ ነበር።

የተመደብኩት ከቆቦ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ በእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው። ማዕረጌ ረዳት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይባላል፤ ማዕረጉ ከቤቱ ይበልጥ ነበር። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትና አንድ ክራሽ ነው። ክራሽ የምንለው ከብቱን አስገብተን ቀጥ አድርገን የምናቆምበትን ጠባብ የእንጨት አጥር ነው። ኃላፊዬ ጋሽ መኮንን ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ ሰው ነበሩ።

የከብት ቴርሞሜትር ጫፉ ላይ ክር ይታሰርበታል። ክሩ ደግሞ ጭራው ላይ በመቆንጠጫ ይያዛል። እኔ ክሩን ረሳሁት። በሬው አንዴ ሰብሰብ ሲል ቴርሞሜትሩ ሄደ። ባለቤቱ ፊቴን አይቶ ምነው ዶክተር አለኝ፤ እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን የእኛ አገር ገበሬ መርፌ የያዘውን ሁሉ ዶክተር ይላል። ለጋሽ መኮንን ስነግራቸው አልተቆጡም። ዱካ አምጥተው ከበሬው ኋላ አስቀመጡልኝና የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እስኪመልስልሽ ጠብቂ አሉኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁ። መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ክር ረስቼ አላውቅም።

እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ በኋላም እዚያው አስተማሪ ሆኛለሁ። ጠዋት አንድ ምዕራፍ ሳላነብ ከቤት አልወጣም። መጽሐፍ ቅዱሴንም ከሲሪንጁና ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ቦርሳ ነበር የምይዘው። አንድ ቀን ጋሽ መኮንን ቦርሳው ሲከፈት አዩና፣ "አስኩ፣ እነዚህ ተዋውቀዋል ወይስ ዝም ብለው ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት?" አሉኝ። ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነት ስለነበረ ነው።

እልህ ይዞኝ ማስተዋወቅ ጀመርኩ። አንድ ገበሬ በሬውን በአለንጋ እየሸነቆጠ ወደ ክራሹ ሲያመጣ አገኘሁትና ጻድቅ ለከብቱ ነፍስ ይራራል ይላል መጽሐፉ አልኩት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና "ጥሩ ነው፤ ለእሱም አንብቢለትና ለእኔ ይራራልኝ" ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ በሬው የረገጠውን እግሩን አሳየኝ። ጋሽ መኮንን በሳቅ ወደ ውስጥ ገቡ።

ጥቅሱን ትቼ በሬውን አየሁት። ጫንቃው ላይ ከፀጉሩ ሥር የቀንበር ቁስል አለው። ለካስ ቀንበር በጫኑበት ቁጥር የሚራገጠው አሞት ነው። አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ ቀንበሩ ላይ ጨርቅ እንዲጠመጥምና ሁለት ሳምንት እንዲያሳርፈው ነገርኩት። ወር ሳይሞላ ሰውየው ክሊኒክ ድረስ መጥቶ በሬው እንደ በግ ሆነልኝ አለ። ሊሄድ ሲልም ያ ጥቅስ የቱ ጋ ነው የሚገኘው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ቁስሉን፣ ቀጥሎ ጥቅሱን ሆነ ሥራዬ።

በክትባት ወቅት ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነበር። የማቀዝቀዣ ሣጥኑን አንግቼ ከሠፈር ሠፈር ስዞር፣ እኔ መርፌውን ከመውጋቴ በፊት አማትባለሁ፤ እስላሙ ባለከብት ደግሞ ቢስሚላህ ይላል። አንዱ ሽማግሌ ያቺ ጊደር በሁለት በኩል ታጥራለች፣ ከእንግዲህ በሽታው በየት ይገባል እያለ ያስቀን ነበር። እንዲህ እየተሳሳቅን ብዙ ዓመት ሠራን። ጋሽ መኮንን ጡረታ ወጡና ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰ።

አሁን የእትዬ ዘሃራን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

እትዬ ዘሃራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ያለቻቸው ላም አንድ ናት፤ ዳልቻ ይሏታል። ልጆቹ ማሽላ ባጡ ጊዜም በዳልቻ ወተት ነው የቆሙት። ያን ዓመት ዳልቻ ከብዳ ነበርና በየሳምንቱ እየሄድኩ አያት ነበር።

ስቅለት ዕለት ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ስልኬን አጥፍቻለሁ። እንደምታውቁት የዚያን ቀን ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰግድ ነው የሚውለው፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የስቅለት ስግደት አቋርጬ አላውቅም። በዚህም በሆዴ እኮራ ነበር። አምስት ሰዓት ግድም አንዲት ሴት ከውጭ ገብታ እትዬ ዘሃራ በር ላይ ተቀምጠዋል አለችኝ።

ወጣሁ። ከአጥሩ ውጭ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ምነው በደህና ነው አልኳቸው። ዳልቻ ምጥ ይዟት ነበር አሉኝ፤ ቀጠሉና፣ "ግድ የለም፣ ጨርሺ ልጄ። የአምላክ ነገር ነው፣ አይቋረጥም። እኔ እጠብቃለሁ" አሉኝ።

እንግዲህ እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የእኛ አገር ትልቅ ሰው ቤቱ እየነደደ እንኳ ሰላምታውን ሳይጨርስ እሳት አይልም። ግድ የለም ካለህ ግድ አለው ማለት ነው። ደግሞስ ግድ የሌለው ሰው ባጃጅ ሞተሩን ሳያስጠፋ ያስጠብቃል? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ስግደቴን አስቤ ቃላቸውን እንዳለ ወሰድኩት። አላህ ይስጥልኝ እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። እሳቸው ጸሎቴን አከበሩልኝ፤ እኔ አክብሮታቸውን ተቀበልኩ፤ ተከባብረን ላሚቱን ልንገድላት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰገድኩት ስግደት ስግደት አልነበረም። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ያቺ ባጃጅ ጆሮዬ ውስጥ ትንደቀደቃለች። በሬው ጉድጓድ ቢገባበት በሰንበት የማያወጣው ማን ነው የሚለውን የወንጌል ቃል ለሰንበት ተማሪዎች ስንቴ እንዳስተማርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በምሳሌ ሳስተምረው ቀላል ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ወጣሁ። አፈርኩ፣ ፈራሁም፤ ሁሉም ሰው የሚያየኝ መሰለኝ።

በባጃጁ ስንሄድ ነው ምጡ መቼ እንደጀመራት የጠየቅኋቸው። "ሌሊቱን ነው ልጄ" አሉኝ። ባለባጃጁን ፍጠን አልኩት።

ቦርሳዬን ከክሊኒክ ይዤ ስንደርስ ዳልቻ ተኝታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች ወጥተዋል፤ ጎረቤቶች ገመድ አስረው ሊጎትቱ ነው። ተዉ ብዬ ጮህኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ እጄን እስከ ትከሻዬ በሳሙና ታጥቤ ረጅሙን ጓንት አጠለቅሁ፣ ዘይት ቀብቼ ገባሁ። እንደፈራሁት ነው፤ የጥጃው አንገት ወደ ጎን ታጥፏል። እግሩን ብቻ ቢጎትቱት ኖሮ እናትም ልጅም አይተርፉም ነበር።

እንዲህ ሲሆን ጥጃው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገፋል። ላሚቱ ስታምጥ ትቆማላችሁ፣ ስታርፍ ትገፋላችሁ። ቸኩሎ የሠራ ማኅፀኑን ይቀድዳል። የቆላው ሙቀት፣ ጾሙ፣ ጥማቱ ተደማምሮ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል። አንዴ አፍንጫውን አገኘሁና አመለጠኝ። እንደገና። አንዴ ጣቴን ነከስ አደረገኝ፤ በሕይወት አለ ብዬ ጮህኩ። በመጨረሻ አገጩን ጨብጬ ራሱን ቀና አደረግሁት። ከዚያ ገመዱን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አስሬ፣ ስታምጥ ብቻ፣ አንዱን እግር ቀደም ሌላውን ከተል እያደረግን ወደ ታች ሳብን። ዱብ አለ።

አይተነፍስም። አፍንጫውን ጠረግሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮው ላይ አፈሰስኩ፣ ስንደዶ አፍንጫው ውስጥ ከተትኩ። ምንም የለም። ደረቱን በጆንያ አሸሁት፣ ደግሜ ስንደዶውን ከተትኩ። አነጠሰ። ፊቴ ላይ ነው ያነጠሰው፤ እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም።

እትዬ ዘሃራ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው በሁለት እጃቸው አፈኑት። ምነው ስላቸው ዛሬ ሐዘናችሁ ነው አሉኝ። ይኼኔ ነው ያለቀስኩት። ዳልቻ ተነሥታ ልጇን ስትልስ፣ እሱም እየተንገዳገደ ጡቱን ሲያገኝ አይቼ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስግደቱ አልቋል። በዚያ ሰዓት ሕዝቡ እየተናዘዘ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ እያደረጉ ስግደት ያዙለታል። ልብሴ ደም በደም ስለሆነ አልገባሁም፤ አጥሩ ሥር ቆምኩ። የንስሐ አባቴ አዩኝና ወይራቸውን ይዘው ወጡ። ስግደቴን አቋርጬ የእትዬ ዘሃራን ላም ላዋልድ ሄድኩ፣ ይፍቱኝ አልኳቸው።

መጀመሪያ ላሚቱስ ብለው ጠየቁኝ፤ ተርፋለች አልኩ። ጥጃውስ አሉ፤ ጠብቷል አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ሴትዮዋ የመጡት ስንት ሰዓት ነው አሉኝ። አምስት ሰዓት አልኩ። አንቺስ የወጣሽው አሉኝ። ስድስት ሰዓት አልኩ።

"ልጄ፣ ለሄድሽበት ምንም የለብሽም። በር ላይ ላስቀመጥሻቸው አርባ አንድ ስገጂ" አሉኝ። ሊሄዱ ዞር ብለው ደግሞ፣ "ያንን የበሬውን ቃል ታስተምሪ የለ? 'ወዲያው የማያወጣው ማን ነው' ነው የሚለው። 'ወዲያው' የምትለዋን እየዘለልሽ ነው የምታነቢው" አሉኝ።

አርባ አንዷን እዚያው አጥሩ ሥር ሰገድኩ፤ ልቤ በደስታ ሞልቶ። በፋሲካ ጠዋት እትዬ ዘሃራ የዳልቻን እንገር አፍልተው ይዘው መጡ። ጥጃው ጠግቦ የተረፈው ነው አሉኝ። ጾሜን የፈታሁት በእሱ ነው። ደጄ ላይ ቆመውም አፍነው ያቆዩትን እልልታ ለቀቁት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አዲስ የተመደባችሁ ልጆች ምክር ብትጠይቁኝ ያለኝ ይኼ ነው። ሰው በር ላይ መጥቶ ግድ የለም ቢላችሁ፣ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ምጡ መቼ እንደጀመረ ጠይቁ።