ለባዶ ክፍል የቀረበ ሰላምታ

ሊይዙኝ የመጡ ቀን ቅንጣት ታህል አልፈራሁም። እንዲያውም የፈሩት እነሱ ነበሩ፤ ለእኔ ብቻ አንድ ሻለቃ ጦር ነበር የላኩት። እሺ፣ አራት ነበሩ። አንደኛው መኪናው ውስጥ ተኝቷል። «መሣሪያ አለህ?» ሲሉኝ ግን ሳይደግሙት ከኪሴ የጥፍር መቁረጫ አውጥቼ አስረከብኩ። ወንጀሌ ሻይ ቤት ውስጥ የተናገርኳት አንዲት ቀልድ ነበረች። ያን ያህል እንኳ አታስቅም።

ያስገቡኝ በሰሜን በኩል ወደ ውቕሮ ከተማ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። በብሎኬት ከፋፍለውታል። ረጅም መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ የብረት በሮች፣ ጫፉ ላይ ደረጃ፣ ከደረጃው በላይ ሽንት ቤት። ክፍሉ አሮጌ ጆንያና እርጥብ ካልሲ ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ወደይ፣ ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ግድግዳው ደረቅ ነው።»

ሁሉም በትግርኛ ኣቦይ፣ «አባቴ» ይሏቸዋል። እኔም ኣቦይ አልኳቸው።

በሰላምታ የሚደርስባቸው አልነበረም። ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ስንሄድ በየበሩ ይቆማሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉና «ከመይ ሓዲርኩም? ደቅኹም ደሓን ድዮም?» ይጀምራሉ፤ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቻችሁ ደህና ናቸው ወይ ማለታቸው ነው። የሁሉንም ልጅ በስሙ ያውቃሉ። የአንዱ ሚስት ምጥ፣ የሌላው እናት ጉልበት፣ የማንም የቤት ጣጣ አይቀራቸውም። እኔ ከኋላቸው ሆኜ «ኣቦይ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ የእኛ ፊኛ ፈንድቶ ሐይቅ ይሆናል!» እላለሁ። መተላለፊያው ይስቃል። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ።

አንድ ጠዋት ሦስተኛው በር ጋ ቆሙ። እዚያ የነበሩትን ሰዎች ሌሊቱን ወስደዋቸዋል፤ ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወለሉም ተጠርጓል። ኣቦይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ከመይ ሓዲርኩም» አሉ። ለባዶው ክፍል።

ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

ክፍል ስንመለስ ምን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ኣቦይ፣ እዚህ ቤት የሚዋሸው እኔ ነኝ።»

«ስራመድ እዚህ ጋ ድንጋይ ይጫነኛል» አሉና ደረታቸውን፣ ቀጥሎ ግራ ክንዳቸውን ዳሰሱ። «ስቆም ይነሣልኛል።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

ተናግረው ኖሯል፤ እኔ ሳልመጣ። ነርስ ሲመጣ ተቀምጠው ነበርና ሕመሙ ለቋቸዋል። ግፊታቸው ተለካ፣ የልብ ምታቸው ተቆጠረ፣ ሙቀታቸው ታየ፤ ሁሉም ደህና። ጠባቂው በሰው ፊት «ሽማግሌ ሆነህ ትዋሻለህ?» አላቸው።

«ሁለተኛ ውሸታም ከምባል» አሉኝ፣ «ሰላም እያልኩ ማረፉ ይሻለኛል።»

ብዙም ሳይቆይ በመተላለፊያው መቆምም ማውራትም ተከለከለ። ከዚያ ወዲያ ከፊታቸው የምሄደው እኔ ሆንኩ። በየበሩ ነጠላ ጫማዬ ይወልቃል። እደናቀፋለሁ። ሱሪዬ ይወርዳል። ሰልፉ ይቆማል።

«አንተ፣ መራመድ አልተማርክም?» ይላል ጠባቂው።

«አልተማርኩም ጌታዬ፣ እናቴ እስከ ሠላሳ ዓመቴ አዝላኝ ነው ያሳደገችኝ።»

ጥፊው ይመጣል። ከኋላዬ የሽማግሌው ትንፋሽ ቀስ እያለ ሲመለስ እሰማለሁ።

በመጨረሻ ሌላ ነርስ መጣች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ዘው አልኩ። «እህቴ፣ እንደ ጦር ይወጋቸዋል፣ ከጀርባ ወደ ሆድ ይሮጣል፣ እሳት ነው፣ መብረቅ ነው!»

ኣቦይ ክንዴን ያዙኝ። «ወደይ፣ እንደሱ አላልኩም። ያልኩትን ብቻ በል።»

ነርሷ ለካች። ሁሉም ደህና። ጠባቂው «አየሽ?» አላት።

በሕይወቴ ያላጋነንኩት ዓረፍተ ነገር ያኔ ወጣኝ። «ተቀምጠው አያማቸውም። ስለ ማርያም፣ አብረሻቸው ተራመጂ።»

ጠባቂውን አየችው። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ከክንዳቸው ሳትፈታ «ይነሡ አባቴ» አለቻቸው። ሦስተኛው በር ጋ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ጎንበስ አሉ። እዚያው ቆማ መለኪያውን ነፋች፤ አዳመጠች፤ ላባቸውን በመዳፏ ጠረገች።

«ግፊቱም ምቱም ጨምሯል» አለች። «ይሄ የልብ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

«አሁን ደህና ነበር እኮ!» አለ ጠባቂው።

«ሲያርፉ ደህና ናቸው። እየተራመዱ ለክተሃቸው ታውቃለህ?»

ከሰዓት በኋላ «ሽማግሌው ይውጣ» ተባለ። ሁለት ሰዎች በብርድ ልብስ ሊሸከሟቸው መጡ። ኣቦይ ነጠላቸውን አስተካክለው «በእግሬ ነው የመጣሁት» አሉ። ወጡ። በየበሩ ቆሙ። «ደሓን ኩኑ፣ ደህና ሁኑ» አሉ፤ የእያንዳንዱን ሰው ልጆች በየስማቸው እየጠሩ። ጠባቂው ሰዓቱን እያየ፣ እስኪጨርሱ ጠበቀ።

እኔን ከክፍላችን ሳይወጡ ነበር የተሰናበቱኝ፤ የልጄን የምርቃት ቀን እንዳልረሳ ነገሩኝ። ተሳክቶልኝ አንድ ቀልድ እንኳ አልተናገርኩም።

እንደተፈታሁ ሐኪም ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «የታካሚው ስም?» አለችኝ።

«ኣቦይ» አልኳት።

ጠበቀችኝ። «ሙሉ ስማቸውን ነው፣ ጋሼ።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። አብረውኝ ከነበሩት ኋላ ያገኘኋቸውንም ጠየቅኩ፤ እነሱም ኣቦይ ነው የሚሉት። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚያ ሳለን እሳቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ አወራለሁ፤ ስለ ሚስቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቀልዶቼ። በአንድ ብርድ ልብስ ሥር አብሬያቸው ስተኛ ከርሜ፣ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።