ልጄ ሲመጣ ትለቃለህ

ቤቱን ያከራየችኝ በአንድ ውል ብቻ ነው። «ልጄ ሲመጣ ትለቃለህ» አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኳት። ሴት መሆኔ ጠፍቷት አይደለም። ቤቷ የምትናገረው ወላይትኛ ነው፤ ገበያ ላይ የለመደችው አማርኛዋ ደግሞ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚለው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ፣ አባያ ሐይቅ ዳር ላብ በላብ የሆነች መንደር ጤና ጣቢያ ስመደብ መጀመሪያ ያሳቀችኝ እሷ ናት።

ከጎጆዋ ጎን የቆመው ያ አንድ ክፍል ብሎኬት ቤት፣ ልጇ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ እየሠራ በላከው ገንዘብ የተሠራ ነው። ሲያገባ ሊገባበት ነበር። እስከዚያው ሰው ይኑርበት ብላ እንጂ ለኪራዩ ጓጉታ አልነበረም። ሚስማር ልመታ ስል «የልጄን ግድግዳ አትብሳ» ብላ ትቆጣኛለች፤ ቀረሶ ዓሣ ስጠብስ ደግሞ ከዚያ ከሚያቃጥል ዳጣዋ በስኒ ይዛልኝ ትመጣለች። እሱ ሲደውል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትለጥፈዋለች። ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው «እናቴን አደራ» ይለኛል።

አንድ ቀን ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጣችና «ለጊፋታ ይመጣል፤ ልቀቅልኝ» አለች። ለዘመን መለወጫው ማለቷ ነው። ተናደድኩ። በዚያች መንደር ሌላ የሚከራይ ቤት ከየት ይመጣል? ያለው ወይ ጣራው ያፈሳል፣ ወይ ደጁ ላይ ጉማሬ ይግጥበታል። ግን ቃል ቃል ነው፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋ ተዳብዬ ልኖር ተስማማሁ።

ልለቅ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ጤና ጣቢያ ድረስ መጡ። የታመመ ሰው ያመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። ልጇ ሱቁ ውስጥ ተገድሏል። «ወንድሟ ከሃላሌ ዛሬ ማታ ይገባል። ነገ በማለዳ አብረን እንነግራታለን» አሉኝ። «እስከዚያ ስልኳን ያዢልን፣ የኔ ልጅ። ፊትሽንም።»

መርዶ እኛም አገር ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ደግ ልማድ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጠላሁት።

ስደርስ ክፍሌን ስታጥብ አገኘኋት። «እማማ፣ ስልክዎን ቻርጅ ላድርግልዎ» አልኳት። ደስ ብሏት ሰጠችኝ። «ቶሎ አምጣ፤ ይደውላል» አለች። አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«በል አልጋውን እንግፋ። መስኮቱ ጋ ከሆነ ተኝቶ ሐይቁን ያያል። እዚያ አገር ሐይቁ ናፈቀኝ ብሎኛል።»

የእንጨት አልጋ ነው፤ ከባድ ነው። እሷ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን ገፋን። ለሞተ ሰው አልጋ እያስተካከልኩ እንደሆነ ሳስብ እንባዬ መጣ። ላብ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ ቤት መልቀቁ የከፋኝ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «አትዘን። ይመጣል፣ ያገባል፣ ሌላ ክፍል ይሠራል። ያኔ ትመለሳለህ።» ልቤ ተሰበረ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

በማለዳ የጎጆዋ በር ሲንኳኳ ራሷ ከፈተች። ወንድሟን ከሽማግሌዎቹ መሃል ስታየው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት አወቀች። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቀና ስትል ግን ያየችው እነሱን አልነበረም፤ ስልኳን ወስጄ ከኋላቸው የቆምኩትን እኔን ነው።

እንዳለውም ከጊፋታ በፊት ደረሰ፤ በሣጥን። ተቀበረ፤ ለቀስተኛውም ውሎ አድሮ ተበተነ። እሷ እኔን አታናግረኝም፤ ደፍሬ አላናገርኳትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍራሼን ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩ። በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ልለቅ ነው እማማ። ውላችን ነው።»

ገመዱን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ትፈታው ጀመር። አጥብቄ ስላሰርኩት ብዙ ቆየችበት።

«ልጄ ሲመጣ ነው ያልኩህ» አለች። «አልመጣም። ተቀመጥ።»