በጋያና ያልበላሁት ምሳ

አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ሴት ልጅ። የወለድኳት እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። እናቴ መጥታ ልታርሰኝ ቪዛ ጠይቃ ከለከሏት። ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ቆሜ ሳህን አጠብኩ። ያን ቀን ወገቤን ይዤ፣ አልጋው ላይ የተኛችውን ሕፃን እያየሁ፣ «አንቺ ስትወልጂ እንዲህ አትሆኚም፤ የማርስሽ እኔ ነኝ» አልኳት። ለራሴ ብዬ የተመኘሁት ነገር ይኸው ነው።

ልጄ አድጋ ነርስ ሆነች፤ ጋያና ተወልዶ እዚህ የተማረ ልጅ አገባች። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣውም፤ እኔንም «ማማ» ይለኛል። እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ብሩክሊን ሴንተር ቤት ገዙ። ቤቱን ሊያሳዩኝ የወሰዱኝ ቀን ልጄ ታች ቤዝመንት ያለውን ክፍል ከፈተችና፣ «ይሄ ያንቺ ነው እማዬ። ስወልድ መጥተሽ እዚህ ትሆኛለሽ» አለችኝ። መስኮቱ ጠባብ ነው። እኔ ግን አልጋው የት እንደሚሆን፣ የሕፃኑ ልብስ የት እንደሚታጠፍ በዓይኔ ለካሁ።

«መጀመሪያ ግን ከባሌ እናት ጋር ተዋወቂ» አለች ቀጥላ። «በጥር አብረን እንሄዳለን። አንድ ሳምንት ብቻ።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ጋያና የሚባል አገር መኖሩን የሰማሁት ከአማቼ ነው። ልጄ በስልኳ ካርታ አሳየችኝ፤ ብራዚልና ቬኔዝዌላ አጠገብ ያለች፣ ጣቴን ሳሳርፍባት የምትጠፋ አገር ናት። የቢጫ ወባ ክትባት ሴንት ፖል ሄጄ ተወጋሁ፤ ካርዱን ከፓስፖርቴ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ አንገቴ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ከተትኩት። ፓስፖርቱን ሦስት ኮፒ አደረግሁ። የትንኝ ቅባት ሁለት ዓይነት ገዛሁ። ከምሠራበት ከሻኮፒ መጋዘን ፈቃድ የወጣሁበትን ወረቀት ሳይቀር ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምትዘምር ጓደኛዬ ሳቀችብኝ።

«የት ነው ያልሽኝ? ጋና?»

«ጋያና። ደቡብ አሜሪካ ነው።»

«ታዲያ ከሚኒሶታ ብርድ ሸሽተሽ ትንኝ ልትቀልቢ ነው? እህቴ፣ የሰው አገር ምግብ አይታወቅም፤ ዳቦ ቆሎ ያዢ። ዳቦ ቆሎ ሰው ከድቶ አያውቅም።»

ያዝኩ። ትልቅ ፌስታል ሙሉ።

ጋያና እንደ ደረስን ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብኝ። የክረምት ካፖርቴን ክንዴ ላይ አድርጌ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ቤቱ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ እንደ እርሻ ጠባቂ ማማ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ቆሟል። በበሩ ፊት ቡናማ ውሃ የተኛበት ቦይ አለ። ባሕሩ ከመሬቱ ከፍ ይላል፣ ግንብ ነው የሚያግደው ብሎ አማቼ ሲነግረኝ፣ ያ ግንብ ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

የአማቼ እናት ደረጃው ላይ ጠበቀችን። ረጅም ናት፣ ቀጭን፣ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋን ሁሉ ሕፃናት ያስተማረች። አቅፋ ሳመችኝ፤ «ሲስተር» አለችኝ። እንግሊዝኛዋ እንደ ዘፈን ይፈስሳል፤ ግማሹን ነው የምይዘው። ያመጣሁላትን ነጠላ ወዲያው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ደስ አለኝ። እንግባባለን አልኩ።

ምሳ ቀርቦ ነበር። ሩዝ፣ እርድ የገባበት ዶሮ፣ ስስ ቂጣ። ሽታው አስጎመጀኝ፤ አውሮፕላን ከቀየርንበት ከማያሚ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ሳህኔን አንስታ ልትጨልፍልኝ ስትል እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «የለም፣ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኳት በማውቃት እንግሊዝኛ።

እንግዲህ ሰው ቤት ገና እግሩን እንዳስገባ ሳህን የሚቀበል ማን አለ? ያሳደገን ሰው ምን ይላል? አንድ ጊዜ ይጋበዛል፣ እምቢ ይባላል። «በሞቴ» ይባላል፣ አሁንም እምቢ። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁ» ተብሎ ይቀመጣል። እኔም ያንን ነው የጠበቅሁት።

«ኦኬ» አለችና ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችው።

አማቼ፣ «ማማ፣ እውነትሽን ነው?» አለኝ። ሁለተኛው መጣ አልኩና፣ «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» አልኩት። ሦስተኛው አልመጣም። ሦስቱ ተቀምጠው በሉ፣ እኔ እጄን አጣምሬ አየሁ። ልጄ ቂጣውን በመረቁ እያጠቀሰች ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። እኔ ቤት ስንት እንግዳ ሲለመን አይታ ያደገች ልጅ ናት። አየችኝና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

ከምሳ በኋላ የሰጡኝ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ዳቦ ቆሎ በላሁ።

በማግሥቱ ዓሣ ነበር። ትናንት «በልቻለሁ» ብዬ ዛሬ ሳልለመን ብዘረጋ ሆዳም አልባልም? ደግሞም ዛሬ ትለምነኝ ይሆናል አልኩ። «ትበያለሽ?» አለችኝ፤ «ይቅርብኝ» አልኳት፤ «ኦኬ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ግንብ ላይ ስንናፈስ ቆይተን ብንመለስ ገበታው ላይ ሦስት ሳህን ብቻ ተደርድሯል። እኔ ፊት ሎሚ የተቆረጠበት አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ሴትየዋ በክፋት አላደረገችውም። እንዳልሳቀቅ ብላ ነው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውሃውን ጠጥቼ ሎሚውን መጠጥኩ።

ዳቦ ቆሎው የተገኘው በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሴትየዋ አንሶላ ልትቀይርልኝ ገብታ ትራሱን ስታነሳ ፌስታሉን አገኘችው። ይዛው ወጣች፤ በረንዳ ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጠን ነበርና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ለልጄ ረዘም ያለ ነገር ነገረቻት።

«ምን አለች?»

«ተይው እማዬ።»

«ምን አለች አልኩሽ!»

«ወጥ ቤቴ ንጹሕ ነው አለች። ካስጠላት ትንገረኝ እንጂ ለምን እንደ ሕፃን ትደብቃለች አለች።»

«ንገሪያታ! ስላልለመነችኝ ነው በያት። ወጉ እንዲህ ነው በያት!»

«አልለመንሽኝም ተብሎ ለሰው ይነገራል? አንዴ አይ ካልሽ አይ ነው።»

«አንቺ የማን ቤት ነው ያደግሽው?»

ልጄ ተነስታ አማቷን ትከሻዋን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ምን እንዳለቻት ማታውን አማቼ ነገረኝ። እናቴን ሆዷን ያማታል፣ ምግብ አይስማማትም አለቻት።

በዚያ ዕለት ምሳ ላይ ሳልጋበዝ ሳህን ከመደርደሪያው አንስቼ ራሴ ጨለፍኩ። ሁሉንም በላሁ፣ ቂጣውን ደገምኩ። ሴትየዋ በሐዘኔታ እያየችኝ፣ «ሲስተር፣ ለእኔ ብለሽ አትጨነቂ፤ ከታመምሽ ተይው» አለችኝ። እኔም ጎርሼ መናገር አልቻልኩም። ብችልስ በምን ቋንቋ?

ተመለስን። በበጋው ልጄ አረገዘች። እልል አልኩ፤ አጃና ገብሱን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሰባተኛ ወሯ ሲገባ፣ ለእርግዝናዋ አብረን ከሄድንበት ክሊኒክ ድራይቭ እያደረገች ስታመጣኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «እናቱ ቪዛ አግኝታለች። ለመውለዴ ትመጣለች፣ ሦስት ወር» አለችኝ።

«የት ታርፋለች?»

«ታች ክፍሉ ውስጥ።»

«እኔስ?»

«አንቺ እዚሁ ነሽ እማዬ፣ ሥራም አለሽ። ደግሞ እሷ የምትንቂያት ነው የሚመስላት። ሁለታችሁን አንድ ቤት አድርጌ መሃል መቆም አልችልም።»

«ሥራውን እተዋለሁ።»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

ሆስፒታል እንኳ የደረስኩት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ነው። የሻኮፒ ሺፍት ላይ ስልክ አይያዝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆይም፤ ማንም አልገደበኝም፣ ቤቱ ግን ይገድባል። አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ልጄ ለይሉኝታ ግማሽ ኩባያ ትጠጣለች። ሴትየዋ ሕፃኑን በጥሩ ሁኔታ ታጥባለች። ክንዷ ላይ አስተኝታ፣ አንገቱን ደግፋ፣ ጆሮው ውሃ ሳይነካው። ስህተት ፈልጌ አጣሁ። ክፉ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ስሄድ ካፖርቴን ታቀብለኛለች፣ በረዶው ያንሸራትታል ተጠንቀቂ ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ እሷ ታች ልብስ ስታጥብ ከልጄ ጋር ብቻችንን ሆንን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ሕፃኑ መሃላችን ተኝቶ፣ ሳልፈልግ ወጣኝ።

«ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ምሳው ላይ፣ እያየሽኝ ዝም አልሽ። አላወቅሽም አትበይኝ።»

የሕፃኑን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት።

«አውቄያለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አንቺን ለሰው ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ለሐኪሙ፣ ለአስተማሪዬ፣ ለቤት አከራዩ፣ ለሁሉም። ያን ቀን አንድ ምሳ ዝም ብዬ መብላት ፈለግሁ። እንደዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

ልጄ በስድስት ዓመቷ ከእኔ አጠገብ ቆማ ለሐኪም ስታስተረጉምልኝ ልቤ በኩራት ይሞላ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራው ነበር። እንደሚከብዳት አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ቢሆንም፣ እናት ናትና ይቅር ትላለች ብላችሁ አትጠብቁኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። «እናቴ ርቧታል» ብትል ይበቃኝ ነበር።

ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። እጄን ዘረጋሁ፤ አቅፌ ላነሳው ስል ልጄ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ አንገቱ ገና አልጸናም፤ እሷ ታውቃለች» አለችና ወደ በሩ ተጣራች። ደረጃው ላይ የሴትየዋ እርምጃ ተሰማ፤ እጇን በፎጣ እያደረቀች ገባች።

ከአልጋው ጠርዝ ተነስቼ ቦታውን ለቀቅኩላት።