የሁለት መርፌዎች ምዕራፍ

ለማስተርስ የመረጥኩት ርዕስ ድርብርብ ማግኔቶች ነበር። እንደ ወረቀት ስስ ሆነው በተነባበሩ ክሪስታሎች ውስጥ ያለ አቶም ትንሽ ማግኔት ነው፤ በልኩ ሲነካኩት ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውም ወደ ጎረቤቱና ከላይ ወይም ከታች ወዳለው ንብር ይሻገራል። ንብሮቹ አብረው የሚወዛወዙበት አንድ ፍጥነት አለ፤ ተቃርነው የሚወዛወዙበት ደግሞ ሌላ። እኔ የተነሳሁት ሁለቱን በስሌት ላገኛቸው ነው።

በምማርበት ደሴ ውስጥ ክሪስታሉም መለኪያውም አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ርዕስ እንድቀይር ሁለት ጊዜ ጠርተው መከሩኝ። በሁለተኛው ቀን የመቀየሪያውን ቅጽ ራሳቸው ሞልተው ነበር የጠበቁኝ፤ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነበር።

"የማታዪውን ነገር እንዴት ታጠኚያለሽ?" አሉኝ።

"አስልቼ።"

ቅጹን ሳልፈርም መለስኩላቸው።

አባቴ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው የያዙትን ጣቃ አስቀመጡ።

"ትክክል እንደሆንሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ፣ አባ።"

"እንግዲያው ምን አስለፈለፈሽ? ሂጂና ሥሪ።"

ስሌቱን ስጨርስ ግን አንድ ነገር በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ሁለት ኮምፓስ ገዝቼ መርፌዎቻቸውን አጠጋግቼ ሰሌዳ ላይ አስቀመጥኩ። የሚያወዛውዛቸው ጥቅል ሽቦ ሲያስፈልገኝ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና የሚጠመጥም፣ ከቢስቲማ ከተማ የመጣ ሰው ነበር።

"ምን ሊያንቀሳቅስልሽ ነው፣ እህቴ?"

"ሁለት መርፌ።"

"ሁለት መርፌ ብቻ?"

"ብቻ።"

"ወሏሂ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም" አለ። ግን አልቀለደበትም፤ ዙሩን እየቆጠረ ጠመጠመልኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌን የተከላከልኩ ቀን ሰሌዳዬን ይዤ ገባሁ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ገና ሳልጀምር "ይህ የልጆች መጫወቻ ነው" አሉ።

"መርፌና አቶም አንድ አይደሉም" አልኩ። "አቶሙ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ መርፌው ግን ወዲያና ወዲህ ብቻ ነው የሚለው። የተጣመሩ ሁለት ማግኔቶች ሁለት ፍጥነት እንዳላቸው ግን ያሳያል።"

ኤሌክትሪኩን ለቀቅኩ። የኤሌክትሪኩን ምልልስ ፍጥነት ቀስ እያልኩ ስለውጥ ሁለቱ መርፌዎች አብረው መወዛወዝ ጀመሩ። ፍጥነቱን ስቀይረው ረገቡ፤ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ መሄድ ያዙ። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሌዳው ላይ ጎንበስ አሉ።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት።

አለፍኩ። ስለ መርፌዎቹ የጻፍኩትን ምዕራፍ ግን ለማስተርስ ማዕረግ አይመጥንምና አውጪው ተባልኩ። ሌላውን እርማት ሁሉ አስገብቼ ያንን ምዕራፍ እንዳለ ተውኩት፤ ከላዩም "ስህተት ካለበት ስህተቱን አሳዩኝ" የሚል ደብዳቤ አያያዝኩ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ተመለሰብኝ። በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ደብዳቤ አያይዤ አስገባሁ። ስህተት ያሳየኝ አልነበረም፤ በመጨረሻ ኃላፊውም ፈታኙም ፈረሙበት።

ዛሬ ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሦስት ንብሮችን ስሌት ጀምሬያለሁ። ክሪስታሉ አሁንም የለኝም። ለማስላት ደግሞ ከማንም ፈቃድ አልጠየቅሁም።