የደብሩ አሮጌ ቆርቆሮ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ጎሚስታ ነበርኩ። እናቴን ደረቷን ያማታል፤ ለሕክምና ደብረ ብርሃን ትመላለሳለች። አውቶቡሱ የሚቆመው ባዶ ሜዳ ላይ ነው፤ ጥላ የለ፣ ከለላ የለ። የመንዝን ክረምት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል! የበግ ጠጉር ባናዋን ተከናንባ ዝናብ ሲወርድባት ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። "ሐኪሙ ቢያሽላት መንገዱ መልሶ ያሳምማታል" እያልኩ እነጫነጫለሁ።

አንድ ቀን ቱግ አልኩና ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ተነሣሁ። በጦርነቱ ከተቃጠለ የጭነት መኪና ብረት ቆርጠን ምሰሶ አቆምን። ያለቁ ጎማዎች ውስጥ አፈር ጠቅጥቀን መቀመጫ አደረግናቸው። የቀረው ጣሪያ ነው። ደብሩ አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ አሮጌው ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ነበር፤ ካህናቱን ለምነን ሰጡን። የምስማር ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንነው፣ አለቀ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በማግስቱ እናቴን ይዤ ስመጣ ዝናቡ ይወርዳል፤ መጠለያው ግን ባዶ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ይበሰብሳል። አንዲት ሴት ምሰሶውን ተሳልማ ወደ ኋላ አለች። አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

"ምነው፣ አይገቡም እንዴ?" አልኳቸው።

"የቤተ መቅደስ ክዳን አይደል እንዴ? በልተን ነው የመጣነው" አሉኝ።

"እማዬ፣ አንቺ ግቢ።"

"እኔም ቀምሻለሁ ልጄ" ብላ ዝናቡ ላይ ቆመች። ያን ሁሉ የለፋሁላት እሷው! ደሜ ፈላ። "ቆርቆሮ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ!

በዚህ መሐል የእናቴ የነፍስ አባት ለዚያው አውቶቡስ መጡ። ሰዉ መስቀላቸውን እየተሳለመ ነገሩን ነገራቸው። እሳቸው ከነጫማቸው ገብተው ጎማው ላይ ዘፍ አሉ። ዳቦ ከከረጢታቸው አውጥተው ባረኩና ይገምጡ ጀመር።

"ታቦቱ መንበሩ ላይ ነው፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ" አሏት እናቴን። "ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል? ብቻዬን እንድበላ ነው?"

ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እናቴ እያፈረች ገብታ ቁራሹን ተቀበለች፤ ሌላውም እየተጋፋ ተከተላት። እኔማ በደስታ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

አውቶቡሱ ደርሶ ጡሩምባውን ሲነፋ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እናቴ አፏ ዳቦ እንደሞላ ወደ መንገዱ ዞር አለችና፣

"ኧረ ምን ያጣድፈዋል? ገና አሁን መቀመጤ!" አለች።