በኖራ ያሰመርነው የባሕር ዳር መንገድ

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ከመርካቶ ሲነሣ ጎሕ ገና መቅደዱ ነው። ጉልበቴ ላይ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ አቅፌአለሁ፤ ውስጡ የባሕር ዳር የመንገድ ፕላን አለ። ከተማይቱን ሳላይ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ የነደፍሁት ነው። ብቻዬን ለሥራ ስላክ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታው እንቅልፍ ነሥቶኛል። ትእዛዙም አጭር ነው፤ ለከተማው ኮሚቴ አስረድተሽ፣ አስፈርመሽ ተመለሺ።

ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ኬላ ላይ ፈታሹ ቱቦውን አየና ጠመንጃውን አስተካከለ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የባሕር ዳር መንገድ ነው፣ ጓድ።»

«መንገዱን ጠቅልለሽ ከያዝሽው ሾፌሩ በምን ሊሄድ ነው?»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር

ደብረ ማርቆስ አድረን፣ አቧራ ለብሰን ገባን። ዘንባባ፣ ሙቀት፣ የሐይቅ ነፋስ። ጣና ዳር በአንድ ብር የዓሣ ጥብስ በላሁ፤ ጣቴን አብሬ ልቆረጥመው ምንም አልቀረኝ።

ረቡዕ፣ ማለዳ፣ የዓባይ ድልድይ

መኪና ልቆጥር ቆምሁ። አንድ ላንድሮቨር። አንድ የጭነት መኪና። ከዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ከዓባይ ማዶ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ሁሉም በብስክሌት! ነጠላ ያሸረጡ ሴቶች፣ ሚስታቸውን ከኋላ ያስቀመጡ ባሎች፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው በሌላው የሚነዱ አንድ መሪጌታ። እርሳሴን እንደያዝሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ወዲያው ደግሞ የነደፍሁት ትዝ አለኝ። የእኔ ፕላን ብስክሌትን ከዋናው መንገድ አስወጥቶ ወደ ጓሮ የሚሰድ ነው።

ታንጉት የምትባል የፈትል ክፍል ሠራተኛ «ምን ትጽፊያለሽ?» ብላ አጠገቤ ከብስክሌቷ ወረደች። እውነቱን ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ሳቀች።

«እህቴ፣ የጓሮው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ቤንዚኑ በራሽን፣ አውቶቡሱም ሲያሰኘው ነው የሚመጣው። ይልቅ ነይ ከኋላዬ ተቀመጪ!»

ተቀመጥሁ። በዘንባባው ሥር ስንከንፍ እንደ ሕፃን ጮህሁ፤ ሁለት ጊዜ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፍሁ። መሪጌታን ስናልፋቸው «ቀስ በሉ፣ ልጆቼ! ሐይቁ የትም አይሄድ!» አሉን።

ሐሙስ፣ ስብሰባ

የኮሚቴው ሊቀመንበር ካኪ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ፕላኑን ዘረጋሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ፕላን ስሕተት ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ።»

አለቃዬ ታየኝ፤ እንጀራዬ ሲቆረጥ ታየኝ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ነገ አንድ ጠዋት ይስጡኝ። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ለብስክሌት መስመር ላስምር።»

«በምን?»

«በኖራ።»

«ካልሠራ ፕላኑ እንዳለ ይፈረማል» አሉና ተነሡ።

ዓርብ፣ ንጋት

ማታ ነግሬአት ነበርና ታንጉት ጓደኞቿን ከነባልዲያቸው አሰልፋ መጣች። መሪጌታ ሳይቀሩ የገመዱን ጫፍ ያዙልን። መስመሩ እንደ እባብ ተጣመመ፤ እኛም እስከ ቅንድባችን ነጭ ሆንን፤ እርስ በርስ እየተያየን ሳቅን።

ሰዓቱ ደረሰ። ብስክሌቶቹ ግራና ቀኝ ተከፍለው እንደ ክር ተመዘዙ፤ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ሳይነፋ መሐል ለመሐል አለፈ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ነኩ።

«ኖራ ዝናብ ያጥበዋል» አሉ። «በቀለም አስምሩት።»

ታንጉት እልል አለች፤ የብስክሌት ደወል ሁሉ ተቀበላት።

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ

ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። አለቃዬን ምን እንደምለው ገና አላወቅሁም፤ ፊርማው ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ በነደፍሁት አዲስ ፕላን ላይ ነው። ከከተማው ሳንወጣ ታንጉት በመስኮቴ አጠገብ እየከነፈች ብቅ አለች።

«ስትመለሺ ብስክሌቱን ራስሽ ትነጃለሽ!»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። ጥሩንባውን ሊነካ እጁን ሰደደና ተወው፤ ፍጥነቱንም ቀንሶ አስቀደማት።