ታደለችን ያስወሰድኳት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሽማግሎቻችን በሸንጎው ሜዳ፣ ዱቡሻ ላይ ተሰብስበው፣ እርጥብ ሣር ይዘው፣ «ጎሜ ያለበት፣ ሰው የበደለ ይናገር፤ ምድሩም ይታረቅ» ሲሉ እንኳ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ዝም አልኩ። እናንተ ስሙኝ።

ኮሮና የገባ ዓመት ነው፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ላይ። እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ከዶርዜ የፈተልኩትን ጥጥ ይዤ ቆላ ላንቴ ገበያ፣ በሙዝ ለውጬ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ የልጆቼ ቤት፤ እንዲሁ ስዞር ነው ያረጀሁት። ከቤት አትውጡ ተባለ። በአቋራጭ በእግሬ ወረድኩ። ላንቴ አንዱ ሙዝ ነጋዴ፣ «እማማ፣ እርስዎንስ በሽታው የት ያገኝዎታል? መች ቤት ተቀምጠው!» ብሎ ቀለደብኝ። አብሬው ሳቅሁ። ስመለስ ያስለኝ ጀመር።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቴ የአልታዬ ልጅ፣ ታደለች፣ እንደምንም ብላ ከአዲስ አበባ ገባች። አልታዬ በልብ ድካም ተኝታለች፤ ልጅቱ ልታስታምማት ነው የመጣች።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር ደጄ ደረሰች። አሳለኝ።

«እማማ፣ የት ሄደው ነበር?»

የት ሄጄ ነበር? ላንቴ ነዋ! ይህችን ማለት አቅቶኝ ነው?

«የት እሄዳለሁ ልጄ፣ ጭሱ ነው። ይልቅ ከአዲስ አበባ የገባ ሰው ፈልጊ» አልኩና ወደ አልታዬ ቤት ጠቆምኩ። እኔ ጠቆምኩ።

ታደለችን ለይቶ ማቆያ ወዳደረጉት ትምህርት ቤት ወሰዷት። «እናቴን ማን ውሃ ያጠጣታል?» እያለች ነው የሄደች።

«እኔ አለሁ፣ ሂጂ» አልኳት።

አልገባሁም። ከአዲስ አበባ የመጣው በሽታ እዚያ ቤት ያለ መሰለኝ። የምስለው እኔ፣ የምፈራው እኔ! ሦስት ቀን አልታዬ በእንሰቱ ማዶ «ሰው የለም ወይ?» ስትል ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ዝም አለች። ታደለች ለቀብር አልተለቀቀችም። አሥራ አራት ቀኗን ጨርሳ፣ ነጻ ነሽ ተብላ ወጣች። እኔን ማንም አልመረመረኝም።

ሕጉ ክፉ ነበር አልልም፤ ሰው እንዳያልቅ ነው። ግን ሕጉ እኔንም ነበር የጠየቀው። ደግሞስ ያችን የጤና ልጅ «እናቷ ልትሞት ነው፣ ከደጅ ቆማ ትያት» ብላት ምን ነበረበት? ማን አፌን ያዘኝ?

ታደለች ተመልሳ፣ «እማማ፣ እናቴ ስትሞት ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስምሽን ጠራች» አልኳት።

አልታዬ ስትሞት ማንም አልነበረም። ያ «ሰው የለም ወይ» ግን እኔ ዘንድ አለ፤ ላንቴም ብወርድ፣ አርባ ምንጭም ብገባ ይቀድመኛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ታደለች በየመስቀሉ ከአዲስ አበባ ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው እኔ ቤት ነው። «እናቴን ያስታመምሽ» ብላ ጉልበቴን ትስማለች። እኔም ጉልበቴን አልሰበስብም።